ለአይጥ የተቆረጠ ማር

ይርገዱ አለነ አይጥ ትፈራ ነበር። ለወጉ ያህል አልነበረም፤ አይጥ ያየችበት ቤት ውላ አታድርም። ጠጅ ትጥል በነበረበት ዘመን ሁለት ድመት ትቀልብ የነበረውም ለዚሁ ነው። ኋላ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ደሞዝ የበላችው አይጥ እየቀለበች ነው። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ሰው አይጠፋም። እሷም በሕይወት እያለች ትስቅ ነበር።

እኔ የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። ጎንደር አጠገብ ካለችው ከፀዳ ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አራት ክፍል ያላት የሥነ ምግብ ጥናት ጣቢያ ነበረችን። ዛሬ የለችም። ከአራቱ ክፍል አንዱ የአይጥ ቤት ነው። ይርገዱ መጀመሪያ የተቀጠረችው ለጽዳት ነበር፤ የአይጥ ቤቱ ሠራተኛ ሥራውን ለቆ ወደ ሑመራ ሲወርድ ግን ቦታውን የሚፈልግ ጠፋ። ሽታው አይቻልም፣ ይነክሳሉ፣ በሽታ ያመጣሉ ተባለ። የጣቢያው ተመራማሪ ዶክተር አንዳርጋቸው ጀርመን ተምሮ የተመለሰ፣ ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ወጣት ነበር። አንድ ቀን ይርገዱ ደጁን ስትጠርግ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«እትዬ ይርገዱ፣ ለአንድ ወር ብቻ ይሞክሩልኝ» አላት።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ አይጥ እፈራለሁ።»

«እነሱም እርስዎን ይፈራሉ። ቀስ በቀስ ትለማመዳላችሁ።»

የመጀመሪያውን ሳምንት ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቃ፣ እያንጎራጎረች ነበር የምትሠራው። በሦስተኛው ሳምንት እየሮጠች መጥታ ከታይፑ ላይ አስነሳችኝና ወስዳ አንድ የሽቦ ሳጥን አሳየችኝ። አንዲት ነጭ አይጥ ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ እያነሳች ሰጋቱራው ወደተከመረበት ጥግ ታጓጉዛለች።

«ሙቀቱን ፈልጋ እኮ ነው» አለችኝ። «እናት አይደለችም? ከእንግዲህ ምኗን እፈራታለሁ።»

አንድ ወር የተባለው በዚያው ቀረ።

ይርገዱ የወገራ ልጅ ናት፤ ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ከሚያስኬድ መንደር። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጓት አጎቷ አያ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ንብ አርቢ ነበሩ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ለአንድ ባለ ብዙ ከብት ሰው ዳሯት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግን በዕድሜ ከአጎቷ ይበልጥ ነበር። ሦስት ወር ቆይታ አንድ ማለዳ ወጥታ ወደ ጎንደር በሚሄድ የጭነት ማኪና ላይ ተሳፈረች። አጎቷ ቃላቸውን ለሰው ሰጥተው ስለነበር አዘኑ፤ «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለው ላኩባት። እሷም አልረገጠችም።

ጎንደር ውስጥ ከአንዲት ጠጅ ሻጭ ቤት ገብታ ሙያ ተማረች። ኋላም አራዳ አካባቢ የራሷን ጠጅ ቤት ከፈተች። ጥሩ ጠጅ እንደነበራት ዛሬም የሚመሰክሩ ሽማግሌዎች አሉ። ማሩን ራሷ መርጣ፣ ራሷ ቀምሳ ነበር የምትገዛው። የቤቱ መዘጋት ግን ከጠጁ ጋር የተያያዘ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. አንድ መምህር ደንበኛዋ ብርሌውን ይዞ አንድ ቀልድ ተናገረ። ቀልዱ ምን እንደነበር ለእኔ እንኳ ነግራኝ አታውቅም። በሁለተኛው ቀን ሰውየው ከቤቱ ተወሰደ። ሚስቱ መጥታ «እዚህ ምን ተናግሮ ነበር? ማን ሰማው?» ብላ እያለቀሰች ጠየቀቻት። ይርገዱ አላውቅም አለች። በወሩ ጋኖቿን ሸጣ ቤቱን ዘጋች። «ከዚያ ወዲህ አፌን በሰም አሽጌዋለሁ» ትለኝ ነበር።

እንግዲህ በ1975 ዓ.ም. የሆነውን ልናገር።

በዚያ ዓመት ዶክተር አንዳርጋቸው አንድ ጥናት ጀመረ። ነገሩ የመነጨው ሐኪም ወዳጆቹ ዘወትር ከሚነግሩት ወሬ ነው። ውፍረት ያስቸገረውን ሰው ስኳር ተው ሲሉት «እሺ፣ ማር ግን እበላለሁ፤ ማር መድኃኒት ነው» ይላል። ማር ያወፍራል ወይስ አያወፍርም? ሰው ሁሉ የየራሱ መልስ አለው፤ የመዘነ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሠላሳ ስድስት አይጥ ተመረጠ። ሁሉም ከጥር ጀምሮ የስንዴ ዱቄት ከሞራ ጋር ተለውሶ እየበሉ እንዲደልቡ ተደረገ። ከመጋቢት ጀምሮ ደግሞ በሦስት ተከፈሉ። አሥራ ሁለቱ በሚጠጡት ውሃ ውስጥ ማር፣ አሥራ ሁለቱ ስኳር ይደረግላቸዋል፤ የቀሩት አሥራ ሁለቱ ንጹሕ ውሃ ይጠጣሉ። ምግባቸው ያው አንድ ነው።

መዛኟ ይርገዱ ሆነች። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቷን ከወሰደች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ንባቧ ዝግ ያለ ነው፤ አኀዝ ላይ ግን አንድ ስሕተት አታገኝባትም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት አይጧን በጅራቷ ሳይሆን በሆዷ አቅፋ ታነሳና ሚዛኑ ላይ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች። ቆርቆሮው ውስጥ ስትረጋጋ ጠብቃ ግራሙን ትጽፋለች። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው በጅራት እያንጠለጠለ ስለሚመዝን አይጦቹ ሚዛን ባዩ ቁጥር ይንጫጩ ነበር። በእሷ ጊዜ ዝም አሉ።

ለጥናቱ የሚሆነው ማር ከገበያ ተገዝቶ በትልቅ ጣሳ መጣ። ይርገዱ ክዳኑን በከፈተችበት ቅጽበት አንድ ነገር ልብ አለች። ማር ሲከፈት ሽታው ይቀድማል፤ አደይ ይሁን ግራር፣ ሽታው ይናገራል። ይህኛው ምንም አልተናገረም። በጣቷ ቀመሰችው። ምላስ ላይ ጣፍጦ እዚያው ጠፋ፤ ጉሮሮን አይከረክርም። አንድ ጊዜ ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ ሥራዋን ቀጠለች።

ለአሥራ ሁለት ሳምንት ዝም አለች።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዶክተር አንዳርጋቸው ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚላከውን ዘገባ ረቂቅ አምጥቶ ሰጠኝ። እየመታሁ ሳለ ይርገዱ የአይጥ ቤቱን ቁልፍ ለመመለስ ገባች። ትምህርቷን እንዳትረሳ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ማንበብ ትወድ ነበርና ከኋላዬ ቆማ ከታይፑ የወጣውን መሥመር በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች።

«ማር... ከስኳር... የተለየ... ውጤት... አላሳየም።»

ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምነው? አመመሽ?» አልኳት።

«ይሄ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«አዲስ አበባ። ከዚያ ይታተማል።»

«ሰው ያነበዋል ማለት ነው?»

«አዎ፣ ለዚያ አይደል።»

«ውሸት ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማር አላሳየም ይላል። ማር መቼ ጠጡና።»

ታይፑን ትቼ ወደ እሷ ዞርኩ። ሁሉንም ነገረችኝ። ማሩ ከግማሽ በላይ የስኳር ሽሮፕ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ማር ስትገዛ የኖረች ሴት አትሳሳትም። «ታዲያ እስከዛሬ ምን ያዘሽ?» አልኳት፤ ግን መልሱን እየጠየቅሁ ሳለ አወቅሁት። ስኳር በዚያን ጊዜ በራሽን ነው፤ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በካርድ የሚታደል። ማር ውስጥ በዚያ መጠን ስኳር ገብቷል ማለት ስኳሩ በጓሮ በር እየወጣ ነው ማለት ነው። ያን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ ተራ ሰው ግን አይሆንም። በአንድ ቀልድ ሰው ሲጠፋ ያየች ሴት ይህን እንዴት ትናገር?

«አሁንስ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ» አለች። «ያ ሰው በጨዋ ደንብ ሥራ ሰጥቶኛል። ስሙን ጽፎ ውሸት ቢልክ የእኔ ጥፋት ነው። እሱ ምኑን ያውቃል፤ ያወቅሁት እኔ።»

ተነሥታ ወደ ዶክተሩ ክፍል ሄደች። አብሬያት ገባሁ።

ዶክተር አንዳርጋቸው እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ስትጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠራረገ። ያልተቀላቀለ ማር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቴ ለጉንፋን መድኃኒት ያስቀመጠችው አንድ ጠርሙስ ቤቴ ነበር፤ ሄጄ አመጣሁ። ከሁለቱም ማር በእኩል ልክ በውሃ አቅጥኖ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ፈሳሽ ጨምሮ አፈላ። የማር ስኳር ሲበዛ ፈሳሹ ወደ ቀይ ይዞራል፤ ተራ ስኳር ግን አያዞረውም። የእናቴ ማር ሸክላ መሰለ። የጣሳው ማር አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

ሁለቱን ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀምጦ ተመለከታቸው።

«አሥራ ሁለት ሳምንት» አለ። ከዚያ ወደ ይርገዱ ዞረ። «እትዬ ይርገዱ፣ ምነው ያን ጊዜውኑ ቢነግሩኝ?»

ያን የመምህሩን ነገር ያኔ ነገረችው። እኔ የሰማሁትን ያህል። የሚስቱን ለቅሶም ነገረችው። ዶክተሩ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን አልናገርም ነበር» አላት። «ዛሬም የግድዎ አልነበረም። ይህን አልረሳውም። ይህ ነገር ግን ከዚህ በር ወጥቶ ከሦስታችን አይለፍ።»

ረቂቁን ከእኔ ተቀብሎ ቀደደው። በምትኩ ሌላ ጻፈ፤ የመታሁትም እኔ ነኝ። «ለጥናቱ የቀረበውን ማር አስቀድሜ ሳልፈትሽ በመጠቀሜ ውጤቱ ሊታመን አይችልም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥናቱ እንዲደገም ይፈቀድልኝ» ይላል። ስለ ስኳሩ መምጫ አንዲት ቃል የለበትም። የይርገዱም ስም የለበትም።

ከአንድ ወር በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት መልስ መጣ። ጥናቱ እንዲደገም ተፈቅዷል። ከፈቃዱ ጋር ለዶክተሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተያይዟል፤ ወደ ውጭ ሊላክበት የነበረውም ሥልጠና ተሰርዟል። ደብዳቤውን ከፋይሉ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሱ «ለእትዬ ይርገዱ እንዳትነግሪያት» ብሎ አስጠነቀቀኝ። የነገርኳት እሱ ከጎንደር ከተዛወረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስትሰማ ቀሐ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሻማ አበራችለት። እስከ ዕለተ ሞቷ በየዓመቱ በደብሩ በዓል ታበራለት ነበር።

አሁን የጎደለው እውነተኛው ማር ነው። ከገበያ መግዛት አይታመንም። ይርገዱ ማን ዘንድ እንዳለ ታውቃለች። ማወቋም ነው ያስጨነቃት።

«አጎቴ ዘንድ አለ» አለችኝ። «ማር ውስጥ ከንብ በቀር እጁን የሚያገባ ሰው አይደለም። ግን በየትኛው ፊቴ?»

ክረምቱን ሙሉ አሰበችበት። አዲሶቹ አይጦች ተወልደው አደጉ፤ ከመስከረም ጀምሮ መደለብ ያዙ። ኅዳር ላይ፣ ማር በሚቆረጥበት ሰሞን፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥታ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች። «ከከተማው ወጥተን ወለቃን ስናልፍ ልውረድና ልመለስ አልኩ» ብላኛለች። አልወረደችም። ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሁለት የመንደሯን ሴቶች ተከትላ ሄደች። ሴቶቹ አላወቋትም፤ ከወጣች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

አያ ገብረ ሚካኤል ከቤታቸው ግድግዳ አጠገብ ቀፎ ሲጠግኑ አገኘቻቸው። ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። ቀና ብለው አይተዋት ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«ማን ነሽ?»

«ይርገዱ ነኝ፣ አያ። የአለነ ልጅ።»

እጃቸው ቆመ። እንደ አገሩ ወግ ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም አልከለከሏትም፣ አልነኳትምም። ከዚያ «ግቢ፣ ፀሐዩ ይመታሻል» አሉ።

እህል ከቀማመሰች በኋላ የመጣችበትን ጠየቋት። ማር ፈልጋ እንደመጣች ነገረቻቸው።

«ለጠጅ?»

«ጠጁን ከተውኩ ቆየሁ።»

«ታዲያ ለማን?»

ይርገዱ መዋሸት አልፈለገችም። «ለአይጥ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ጆሯቸውን የተጠራጠሩ መሰሉ። «ለምን አልሽ?»

«ለአይጥ፣ አያ። መንግሥት የሚያረባቸው ነጫጭ አይጦች አሉ። አወፍረናቸው ማር እየሰጠን እንመዝናቸዋለን።»

«እናንተ የከተማ ሰዎች ደኅና ናችሁ?» አሉ ዝግ ብለው። ቁጣ አልነበረም። «የዘንድሮን ዝናብ አይተሻል? ከተከዜ ማዶ ሰው ልጁን ተሸክሞ ወደዚህ እየወጣ ነው። እኔ ለክረምቱ ምን እበላለሁ ብዬ እጨነቃለሁ። እናንተ አይጥ ታደልባላችሁ?»

ይህን ጥያቄ ይርገዱም ለራሷ ጠይቃው ታውቃለች። ሞራውን ከዱቄት ጋር በለወሰች ቁጥር። «ልክ ነዎት፣ አያ» አለቻቸው። «ግን የማውቀውን ልንገርዎ።» ነገሩን ከሥሩ ጀምራ ተረከችላቸው። የታመሙትን ሰዎች ጥያቄ፣ ስለ ጣሳው ማር፣ ስለ ዝምታዋ፣ «ማር ከስኳር አይለይም» ተብሎ ሊጻፍ እንደነበር።

አያ ገብረ ሚካኤል እስከዚህ ድረስ በጭራቸው ዝንብ እየተከላከሉ ነበር። አሁን ጭራው ቆመ።

«ማን ነው ያለው?»

«ወረቀቱ። ሊታተም ነበር።»

«ንቧ ከጸደይ እስከ ጸደይ ተራራ ለተራራ ስትንከራተት ኖራ» አሉ፣ «ሰው በማሯ ላይ ስኳር ደፍቶ፣ ነውሩን ለእሷ ሊያሸክም?»

ተነሡ። ከጓዳ አንድ ትልቅ ቅል አወጡ፤ የዚያን ሳምንት የተቆረጠ፣ ሰፈፉ ገና ያልተለየ ነጭ ማር። ክዳኑን ሲያነሱት ሽታው ቤቱን ሞላው። ይርገዱ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይለወጣል፤ ያን ሽታ ስትሰማ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና አጎቷ ከቀፎ ሥር ወለላ በእንጨት ሲያጎርሷት ትዝ አላት። እንባዋን መያዝ አቃታት።

«አያ፣ እኔ ያን ጊዜ...» ብላ ጀመረች።

«ተይው» አሉ። «ልጅ ነበርሽ፤ እኔም ልጅ መሆንሽን አላየሁም። ሰውየው ኋላ ደኅና ሴት አገባ። እኔ ነኝ ደጄን ዘግቼ የቀረሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተጸጽቼ ነበር፤ ግን ሰው ተጸጸትኩ ብሎ እንዴት ይልካል?»

ማሩን በዋጋ ልትወስድ ብትል እንቢ አሉ። «መዝኑበት» አሉ። «ብቻ እውነቱን ጻፉ፤ ቢያወፍርም ያወፍራል በሉ።» በማግስቱ በበቅሎ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ሸኟት።

ሁለተኛው ጥናት አሥራ ሁለት ሳምንት ቆየ። ዶክተሩ ማሩን ራሱ ፈተነው፤ ሸክላ ሆነ። ይርገዱ በየሰኞው መዘነች። በሰባተኛው ሳምንት ገደማ ዶክተሩ ክብደቱን በሚያሰምርበት ወረቀት ላይ ስኳር የሚጠጡት አይጦች መሥመር ከሌሎቹ እየተለየ ወደ ላይ ሲወጣ ታየ። በመጨረሻው ሳምንት ስኳር የጠጡት በአማካይ አራት መቶ ሃያ ግራም ገደማ ደረሱ። ማር የጠጡት ሦስት መቶ ሰባ ስምንት፣ ንጹሕ ውሃ የጠጡት ሦስት መቶ ስድሳ ሆኑ። ማር አላከሳም። ግን እንደ ስኳሩም አላደለበም።

የቀረው ለይርገዱ ከሁሉ የሚከብደው ነበር። የሆዳቸው ስብ መመዘን ስላለበት አይጦቹ መገደል አለባቸው። በመጀመሪያው ጥናት ጊዜ ያን ዕለት ፈቃድ ጠይቃ ቀርታ ነበር። አሁን ግን ልቅር አላለችም።

«እኔ ልያዛቸው» አለች ለዶክተሩ። «እጄን ያውቁታል፤ አይሸበሩም።»

ኤተር የተነከረው ጥጥ ያለበት የመስተዋት ዕቃ ውስጥ አንድ በአንድ እያቀፈች አስገባቻቸው። እያንዳንዷን ከማስገባቷ በፊት ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ኋላ ምን እያለች እንደነበር ጠየቅኋት። «እግዜር ይስጥልኝ እላቸው ነበር» አለችኝ። «ሌላ ምን ይባላል? ሳይጠየቁ አይደል የሰጡን።» ዶክተር አንዳርጋቸውም ያን ቀን አንድም ጊዜ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ሲጨርሱ እጁን ታጥቦ መጥቶ የይርገዱን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

ስቡም ሲመዘን ከክብደቱ ጋር ተስማማ። ዘገባውን ስመታው ዶክተሩ አጠገቤ ቆሞ ቃላቱን እየቀነሰ አስመታኝ። «ማር ከስኳር ያነሰ ውፍረት አሳይቷል» ብዬ ስጽፍ «በአይጦች ላይ የሚለውን ጨምሪ» አለ። «አይጥ ሰው አይደለም። ማር በልታችሁ ክሱ የሚል ሰው እንዳይጠቅሰኝ።» በዚህኛውም ዘገባ ውስጥ የይርገዱ ስም አልተጻፈም። የስሟ አለመጻፍ በዚያ ዘመን ትልቅ ስጦታ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ማን ነገረህ፣ ስኳሩስ ከየት መጣ ብሎ ጠያቂ ቢመጣ መነሻው ስሟ ይሆን ነበርና። ዛሬ ጠያቂ የለም፤ ስለዚህ እኔ እጽፈዋለሁ። ማሩ ማር አለመሆኑን የነገረችን ይርገዱ አለነ ናት።

ለፋሲካ ወደ ወገራ ሄደች። አጎቷ ገና ሳትቀመጥ «አይጦቹ ምን አሉ?» ብለው ጠየቋት። ውጤቱን ነገረቻቸው።

«ያወፍራል እንግዲህ፣ ጥቂት።»

«ጥቂት ያወፍራል፣ አያ። ከስኳር ግን በብዙ ያንሳል።»

«ሸጋ ነው» አሉ። «አብዝቶ የበላ ሁሉ መቼም ይወፍራል። ንቧ ይህን አትክድም።»

ከዚያ በኋላ እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ ለአሥር ዓመት በየበዓሉ ትሄድ ነበር። በመንገዱ ላይ ጦርነት እየበዛ ማኪና በቆመ ጊዜ እንኳ በእግሯ የሄደችበት ጊዜ አለ። ያን አሥር ዓመት ከዕድሜዋ ሁሉ አብልጣ ትቆጥረው ነበር። «ያ የውሸት ማር ባይመጣ አጎቴን ሳልታረቅ ይሞት ነበር» ትለኛለች። «ክፉም ነገር አንዳንድ ጊዜ ይመሰገናል።»

በዚያው በፋሲካው ጉዞ ስትመለስ አያ ገብረ ሚካኤል አንድ ቀፎ ከነንቡ ሰጧት። «ሴት ንብ አታረባም ይሉሻል፤ አትስሚያቸው» አሏት። ቀፎውን አፉን በጨርቅ አሽጋ፣ በጋቢ ጠቅልላ ይዛ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ጥቅሉ ከውስጡ ሲያጉረመርም አጠገቧ የተቀመጡ አንድ ቄስ «ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ነገረቻቸው። ቄሱ ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ሾፌሩ ሄዱ፤ ሌላውም ሰው አንድ በአንድ ተከተላቸው። እስከ ጎንደር ድረስ ይርገዱ የኋላውን ወንበር ሙሉ ለብቻዋ ይዛ መጣች። ፀዳ ካለው ቤቷ ጓሮ ከአጥሩ ሥር ቀፎውን ሰቀለችው። ቦታውን እስኪለምዱ ለሁለት ቀን አፉን ሳትከፍት ተወችው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጨርቁን ስታነሳ ወጥተው ግቢውን ዞሩትና ከጎረቤት የባቄላ አበባ ላይ አረፉ።